የሌለ ባሕር በጆሮ፦ በድምፅ የሚቀርብ የጉዞ ወግ አሠራር

ጥንት ባሕር የነበረበት የአፋር ጨው ሜዳ፣ ዳሎል ሄዶ በስልኩ ድምፅ ቀድቶ የሚመለስ ሰው በዝቷል። ወግ ሆኖ የሚወጣው ግን ጥቂቱ ነው። አብዛኛው በሦስት ነገር ይከሽፋል። ከሜዳ የመጣው ቅጂ ንፋስ ብቻ ይሆናል። ትረካው የትምህርት ቤት ሪፖርት ይመስላል። አለዚያም ባሕሩ ስለሌለ ሰው ይጨነቅና ከኢንተርኔት የማዕበል ድምፅ አውርዶ ይለጥፋል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከፋል። ስለ ደረቀ ባሕር እያወራችሁ ማዕበል ካሰማችሁ፣ አድማጩ የሚያምነው ማዕበሉን ነው።

ይህ መመሪያ ስቱዲዮ ለሌለው ሰው ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያት፣ ለገጣፎ ወይም ሰበታ ትኖራላችሁ፤ በእጃችሁ ስልክ፣ ርካሽ ማይክና ጋቢ አለ ብዬ ነው የጻፍኩት። ግባችን 20 ደቂቃ የሚሆን ወግ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚያ በላይ አትሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ባሕሩን ምረጡ

ለእኛ ቅርብ የሆኑ ሁለት የጠፉ ውሃዎች አሉ። አንዱን ብቻ ያዙ።

ዳናክል። ዳሎል ያለበት ይህ የአፋር የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቀይ ባሕር በዙላ ሰርጥ በኩል ገብቶበት ነበር፤ ይህ ከሆነ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ አልፏል። ከዚያ የባሕሩ ወለል ዝቅ አለ። በመሐል ያለው መሬት ተነሳ። መግቢያው ተዘጋ። ውስጥ የቀረውን ውሃ ፀሐይ ጨረሰችውና ጨው ቀረ። በረባዳው ጠርዝ ላይ ዛሬም የኮራል፣ ማለትም የባሕር እንስሳት የሠሩት፣ ድንጋይ ይታያል።

የስምጥ ሸለቆው ትልቅ ሐይቅ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ በአንድ ወቅት አንድ ሐይቅ ነበሩ። ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ከ10 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። ውሃው ሲሞላ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ኋላ ዝናቡ ቀነሰና ሐይቁ ተከፋፈለ። በቡልቡላ ወንዝ ገደል ዳር ነጭ የሐይቅ ደለልና ዛጎል ታገኛላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱን ይዛችሁ በሞጆ በኩል እስከ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ከ160 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በጠዋት ከተነሳችሁ ማታ ቤታችሁ ናችሁ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ሁለተኛውን ያዙ። ዳናክል ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ የረሳችሁትን ድምፅ ተመልሳችሁ አትቀዱም። ባቱ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም አለች። ከዚህ በታች ምሳሌዬን ከዳናክል የማመጣው ሰው አብዝቶ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ነው። አሠራሩ ለሁለቱም አንድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከአራል ጋር አትቀላቅሉት። አራል በካዛክስታንና በኡዝቤኪስታን መካከል ያለ ሐይቅ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ስፋቱ 68 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የሚመግቡት ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ፣ ለጥጥ እርሻ ተጠለፉ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አብዛኛው ደረቀ። ያ የሰው እጅ ሥራ ነው። ዳናክልን ያደረቁት መሬትና ፀሐይ ናቸው። «የአፍሪካው አራል» ብሎ የሚጀምር ወግ ገና ከመጀመሪያው ተሳስቷል። ማነጻጸር ካማራችሁ አቢጃታ ይቀርባል። ለእሱ መሸሽ ከዝዋይ በኩል ለመስኖ የሚወሰደው ውሃና ከራሱ ለሶዳ አሽ (ለፋብሪካ የሚውል ኬሚካል) ምርት የሚሳበው ውሃ በምክንያትነት ይጠቀሳሉ።

## ደረጃ 2፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ገጽ

ከመሄዳችሁ በፊት ወጉ የሚመልሰውን አንድ ጥያቄ ጻፉ። «ባሕሩ የት ሄደ?» አይበቃም። መልሱ በአምስት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ከላይ ጨረስኩት። «ባሕሩ ትቶት የሄደውን ዛሬ ማን ይሸከመዋል?» ብትሉ ግን መንገድ ይከፈታል። ጨው ቆራጩ፣ ግመሉ፣ ነጋዴው፣ ገበያው፣ በመጨረሻም የእናንተ ወጥ ቤት ይገባሉ።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ እውነታዎችን አስፍሩ። በግራ የምታውቁትን፣ በቀኝ የሰማችሁትን። በቀኝ ያለ ነገር በሁለት ቦታ እስክታረጋግጡት ድረስ ትረካ ውስጥ አይገባም። ስለ ዳናክል የሚወራው ግማሹ ከአስጎብኚ ወደ ጎብኚ ሲተላለፍ ያደገ ነው። የጨው ውፍረት በየመኪናው ይለያያል፣ የሙቀቱ ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል።

ለግራው ዓምድ ጥቂት ልስጣችሁ። ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በዳሎል የተለካው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በገንዘብነት አገልግሏል። በአንዳንድ የዳሎል ኩሬዎች የአሲዱ ፒኤች ከ1 በታች ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። አፍዴራ ከባሕር ወለል በታች ያለ ጨዋማ ሐይቅ ሲሆን የገበታ ጨው በብዛት የሚመረትበት ቦታ ነው።

## ደረጃ 3፦ ዕቃ አዘጋጁ፣ እዚሁ ፈትኑ

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

1. ስልክ። ቢያንስ 10 ጊጋ ባይት ባዶ ቦታ ይኑረው።
2. ደረት ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ ማይክ። ገመድ አልባውም ይሠራል፤ ግን በመሐል የሚያልቅ አንድ ተጨማሪ ባትሪ ነው።
3. ለማይኩ ጸጉራም የንፋስ መከላከያ። ማይኩ ይዞት የሚመጣው ስፖንጅ ለቤት እንጂ ለአፋር ሜዳ አይሆንም።
4. ባለ ገመድ ኢርፎን።
5. ሁለት ፓወር ባንክ።
6. አየር የማያስገባ ፕላስቲክ ዕቃ። የጨው ብናኝ የስልኩን ቻርጅ መሰኪያ ይበላል።
7. ደብተርና እስክሪብቶ።

የስልኩን መቅጃ ወደ ዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ ወደሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ቀይሩት፤ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል)። በ24 ቢት ከቀዳችሁ አንድ ሰዓት 520 ሜጋ ባይት ገደማ ይወስዳል። በኤምፒ ስሪ አትቅዱ። ኤምፒ ስሪ ለመላክ ነው። ከሱ ላይ ንፋስ ለማጽዳት ስትሞክሩ ድምፁ ይንጫጫል።

ፈተናው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ውጡ። የከተማ ዳር መኖር ጥቅሙ ይህ ነው፤ ንፋስ በነጻ አለ። ሱሉልታ ወይም እንጦጦ አካባቢ ያላችሁማ የበለጠ ታድላችኋል። ንፋሱ ፊታችሁን እየመታ ሁለት ደቂቃ አውሩ። ጀርባ ሰጥታችሁ ድገሙት። ከዚያ መከላከያውን አልብሳችሁ እንደገና። ሦስቱን በኢርፎን ስሙ። ልዩነቱን አንዴ ከሰማችሁ አፋር ላይ ማንም መካሪ አያስፈልጋችሁም።

ሲበላሽ፦ መከላከያው ገበያ ላይ ከጠፋ፣ ፀጉር ያለው አሮጌ የአሻንጉሊት ጨርቅ ቆርጣችሁ በላስቲክ እሰሩት። ማይኩን ግን ጥብቅ አድርጋችሁ አትጠቅልሉት፣ ድምፁ ይታፈናል። ስልኩ የሚሰካውን ማይክ ካላወቀው ችግሩ ብዙ ጊዜ መሰኪያው ነው። ሦስት ቀለበት ያለው ጫፍ ለስልክ፣ ሁለት ቀለበት ያለው ለካሜራ የተሠራ ነው።

## ደረጃ 4፦ ሜዳ ላይ

ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። የአፋር አስጎብኚ፣ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድና በቂ ውሃ ይኑራችሁ። የመንገዱን ሁኔታ በተነሳችሁበት ሳምንት እንደገና ጠይቁ። ኔትወርክ አይኖርም ብላችሁ ተዘጋጁ።

ብዙ ስልክ የተሠራው አየሩ እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን እንዲሠራ ነው። ስለዚህ የቅጂ ሰዓታችሁ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በመሐል ስልኩን አጥፍታችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ጥቁር ሽፋን ካለው አውልቁ። ከመቅዳታችሁ በፊት ኤርፕሌን ሞድ አድርጉ፤ የኔትወርክ ፍለጋው ባትሪም ይጨርሳል፣ ቅጂው ላይም ይንጫጫል።

### የድምፅ ዝርዝር፣ በዚህ ቅደም ተከተል

1. የቦታው ዝምታ። ሁለት ደቂቃ። ማንም አይናገር፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ይህን የዘለለ ሰው ኤዲት ሲያደርግ ያለቅሳል። ሁለት ንግግር ስትቀጥሉ ከሥር የሚነጠፈው ይኸው ነው።
2. እግር። የጨው ቅርፊት ሲረገጥ። አንዴ ጠንካራው ላይ፣ አንዴ እርጥቡ ላይ። ማይኩን ወደ ጉልበት አውርዱት።
3. ሥራው። ጨው በመጥረቢያ ሲቆረጥ፣ በእንጨት ሲነቀል፣ ሲጠረብ። ከሩቅ፣ ከመሐል፣ ከቅርብ፤ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ።
4. ግመሎቹ። ሲጫኑ ያጉረመርማሉ። ሲሄዱ ግን ዝም ናቸው፤ የሚሰማው ጭነቱ ነው። ሁለቱንም ያዙ።
5. ውሃ። አዎ፣ ውሃ። አሳሌ ሐይቅ ዳር ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ጨዋማ ውሃ አለ። በዚያ ላይ ሰው ሲራመድ ቅዱ። ከባሕሩ በኋላ የቀረ እውነተኛ የውሃ ድምፅ ይህ ነው። ማዕበል ማውረድ የማያስፈልጋችሁም ለዚህ ነው።
6. የዳሎል ኩሬ ሲፈላ። አስጎብኚው «እዚህ ቁሙ» ካለበት አንድ እርምጃ አትለፉ። ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ከሥሩ አሲድ አለ፣ ጋዙም ያፍናል። ማይኩን በረጅም ዱላ ጫፍ አስራችሁ አስጠጉ፤ እናንተ ግን አትጠጉ።

እያንዳንዱን ቅጂ ስትጀምሩ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ምን እንደሆነ በአፋችሁ ተናገሩ። «አሳሌ፣ ጠዋት 12 ተኩል፣ እግር ውሃ ውስጥ» ይበቃል። ይህ ካልተባለ ቤት ስትመለሱ «ሪከርዲንግ 47» ምን እንደነበር ማንም አያውቅም።

### ሰው ስታናግሩ

አፋር ሁለት ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ዳጉ አለ። ከየት መጣህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተጋባ። ወሬው ተራ በተራ ይለዋወጣል፣ ይመዘናል። ዳጉው ሳያልቅ ማይክ የሚደቅን ሰው የሚያገኘው «እሺ» እና «አዎ» ብቻ ነው። ተቀመጡ፣ ስሙ። እናንተም የአዲስ አበባ ወሬ ይኑራችሁ፤ ይጠየቃል።

ፈቃድ ጠይቁ። ለትልቅ ሰው በአክብሮት፣ በአስተርጓሚ በኩል ይሁን። «ድምፅዎን ልቅዳ? ሰው ይሰማዋል፤ ይፈቅዱልኛል?» መልሱም ይቀዳ። ሥራ ላይ ያለን ሰው አታስቁሙ፤ ለሻይ ሲቀመጥ ሂዱ። አስተርጓሚው ከተናጋሪው ጋር እኩል እንዳያወራ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ተናጋሪው ይጨርስ፣ ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይኑር፣ ከዚያ ትርጉም። ድምፆቹ ከተደራረቡ በምንም ኤዲት አይለያዩም።

ሦስት ጥያቄ በቂ ነው። «ይህ ጨው ከየት መጣ?» የሚለው አንዱ ይሁን። የምታገኙት መልስ ከጂኦሎጂው ጋር ላይገጥም ይችላል። አታርሙ። ሁለቱም በወጉ ውስጥ ቦታ አላቸው።

ሲበላሽ፦ ንፋሱ ከጠነከረ መኪናውን በንፋሱ በኩል አቁሙና ከኋላው ተቀመጡ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ስልኩ ሞቆ ከተዘጋ በውሃ አታቀዝቅዙት፤ በጥላ ውስጥ ሽፋኑን አውልቃችሁ ጠብቁ። አስጎብኚዎች ጄኔሬተር ካስነሱ ለመቅዳት አትድከሙ፣ ወጣ ብላችሁ ሂዱ።

## ደረጃ 5፦ በዚያው ማታ ገልብጡ

ከመተኛታችሁ በፊት ፋይሉን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ጓደኛችሁ ስልክ ገልብጡ። ሁለት ቅጂ በአንድ ቦርሳ አይሁን። አዲስ አበባ ስትደርሱ ሦስተኛ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ። በቴሌግራም ለራሳችሁ መላክም ይቻላል። ግን እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አይሁን፤ የድምፅ መልእክት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

## ደረጃ 6፦ ለጆሮ ጻፉ

መጀመሪያ ሁሉንም ቅጂ ሳትጽፉ ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ በደብተር ደቂቃውንና የሰማችሁትን ጻፉ። የማረካችሁን በኮከብ ምልክት አድርጉ። ስክሪፕቱ የሚሠራው ከኮከቦቹ ነው። ፎቶ እያየ የሚጽፍ ሰው ስለ ቀለም ይጽፋል። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ በጆሮ አይሰማም።

ይህ የማይሠራ ነው፦ «ዳናክል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን በዓለማችን ካሉ ዝቅተኛ ስፍራዎች መካከል አንዱ እንደሆነ ይነገርለታል።»

ይህኛው ይሠራል፦ «የቆምኩት ደረቅ ጨው ላይ ነው። ቀና አልኩ። ቀይ ባሕር ዛሬ መንገድ ቢያገኝ፣ ውሃው ከራሴ በላይ 120 ሜትር ይቆማል። አርባ ፎቅ።» ከዚያ የእግር ድምፅ።

ስክሪፕት ስትጽፉ እነዚህን ያዙ፦

* አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይጨረስ። «ሲሆን»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህም ባሻገር» የመጡበት ቦታ ላይ ቁረጡ።
* በአንድ ደቂቃ ከአንድ ቁጥር በላይ አታስገቡ። አንባቢ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አድማጭ አይመለስም።
* ድምፁ የሚናገረውን አትድገሙ። ግመል እየጮኸ «ግመሎቹ ይጮኻሉ» አይባልም።
* የጥንቱን ታሪክ አንድ ላይ አትዘርግፉት። መግቢያው እንዴት እንደተዘጋ በ4ኛው ደቂቃ፣ ኮራሉ በ9ኛው፣ አሞሌው በ14ኛው ይምጣ። ጨው ቆራጩ በየመሐሉ ይመለስ።

መክፈቻው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። አውሮፕላን ወይም መኪና ሲነሳ አትጀምሩ፤ ሁሉም የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ከራሳችሁ ወጥ ቤት ጀምሩ። የጨው ፓኬቱን አንሱና ከየት እንደመጣ የተጻፈውን አንብቡ። አፍዴራ ካለ ወጋችሁ ተጀመረ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ አንድ ገጽ በተለመደው ፍጥነታችሁ አንብቡና ሰዓት ያዙ። በዚያ አስሉት። ትረካው ከ12 ደቂቃ ካለፈ ቁረጡ፤ የቀረው 8 ደቂቃ የቦታውና የሰዎቹ ነው።

## ደረጃ 7፦ ቤት ውስጥ ትረካ መቅዳት

ብዙው ሥራ የሚበላሸው አፋር ላይ መስሎን ነበር። አይደለም። የሚበላሸው እዚህ ነው፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ።

### ሰዓቱን እወቁ

የከተማ ዳር ጸጥ ያለ ይመስላል። ማይክ ስታበሩ ግን ሌላ ነው። ሲኖትራክ አሸዋ ይዞ ያልፋል። ከታች ያለው ብረታ ብረት ቤት ግራይንደር ያስነሳል። ቆራሌው ይጣራል። ወፍጮ ቤቱ አለ። ሌሊት ደግሞ ውሾቹ ጅብ ሸቷቸው እስኪነጋ ይጮኻሉ። በጾም ወቅት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ በየዕለቱም አዛኑ አለ። እነዚህ ባለመብት ናቸው፤ የምትስማሙት በሰዓት ነው።

ለአንድ ሙሉ ቀን በየሰዓቱ 30 ሰከንድ ቅዱና አወዳድሩ። በብዙ ግቢ የተሻለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 5 ተኩል ነው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ጎረቤት ሥራ ቦታ ነው። ግንባታ አጠገባችሁ ካለ ግን እሑድ ከሰዓት ይሻላል። ለዘበኛውና ለጎረቤት አንድ ቃል ተናገሩ። «አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሱልኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው እምቢ ሲባል አላየሁም።

### ክፍሉን አዘጋጁ

1. ባዶ ሳሎን አትጠቀሙ። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ይመታዋል። አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ካስተጋባ ቦታ ቀይሩ።
2. መኝታ ቤት ግቡ። የቁም ሳጥኑን በር ክፈቱ፣ ልብሱ ከፊታችሁ ይሁን። ከጀርባ ፍራሽ አቁሙ።
3. ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከራስ በላይ ዘርጉ። ማይኩን ግን አይንካው።
4. ፍሪጅ ንቀሉ። የመኪናችሁን ቁልፍ ወይም ቦርሳችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ካላስቀመጣችሁ መልሳችሁ መሰካት ትረሳላችሁ።
5. የውሃ ፓምፕ፣ የሚንጫጫ አምፖልና የግድግዳ ሰዓት አጥፉ።
6. ኤርፕሌን ሞድ።

### አነባበብ

ማይኩ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይዙር። «ጰ»፣ «ፐ» እና «ጠ» ቀጥታ ሲመቱት ይፈነዳል። የመቅጃው መለኪያ -12 ዲሲቤል አካባቢ ይጫወት፤ ቀይ ከነካ ያ መስመር ይደገም።

ለአንድ ሰው አንብቡ። እውነተኛ ሰው ፊት ለፊት ቢቀመጥ ይሻላል፤ እህታችሁ፣ ጓደኛችሁ። የዜና አንባቢ ድምፅ ሲመጣባችሁ ወረቀቱን አስቀምጡና ያንን አንቀጽ በቃላችሁ ንገሩት። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው እሱ ነው።

ስትሳሳቱ አትቁሙ። አንዴ አጨብጭቡ፣ ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ድገሙ። ጭብጨባው በኮምፒውተሩ ላይ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል፣ ስሕተቱን ፍለጋ አትደክሙም። ስትጨርሱ አንድ ደቂቃ የክፍሉን ዝምታ ቅዱ።

ሲበላሽ፦

* መብራት ሄደ። ደስ ይበላችሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። በስልክ ባትሪ ቀጥሉ፤ ጎረቤት ጄኔሬተር እስኪያስነሳ ጊዜ አላችሁ።
* ዝናብ ቆርቆሮውን መታ። አቁሙ። ይህ በማጽጃ አይወጣም።
* ድምፃችሁ ከትናንቱ ተለየ። በሁለት ቀን አትቅዱ። ግድ ከሆነ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አቀማመጥ፣ የትናንቱን የመጨረሻ አንቀጽ ሰምታችሁ ጀምሩ።
* ጉሮሮ ደረቀ። ለብ ያለ ውሃ። ወተትና ቡና ቅጂው ካለቀ በኋላ።

## ደረጃ 8፦ መቀጣጠል

ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፦

1. አራት ትራክ (ለየብቻ የሚስተካከል የድምፅ መስመር) ክፈቱ፦ ትረካ፣ የሰው ንግግር፣ የቦታ ድምፅ፣ ዝምታ።
2. ትረካውን ብቻ ቆርጣችሁ አስተካክሉ።
3. የሰዎቹን ንግግር አስገቡ። በአፋርኛ የሚናገር ሰው መጀመሪያ አምስት ሰከንድ ብቻውን ይሰማ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጉና የአማርኛው ትርጉም በሌላ ሰው ድምፅ ይምጣ። ሲጨርስም የራሱ ድምፅ ተመልሶ ከፍ ይበል።
4. የቦታውን ድምፅ ከትረካው በፊት ሁለት ሰከንድ አስቀድሙ። አድማጩ መጀመሪያ ይድረስ፣ ከዚያ ይነገረው።
5. ዝምታውን ከሁሉም ሥር አንጥፉ።

ለንፋስ ጉርምርምታ ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠው) በ80 ኸርዝ ሞክሩ፤ ካልበቃ እስከ 120 ውጡ። ለተቀረው ጩኸት ኖይዝ ሪዳክሽን አለ፦ የዝምታውን ክፍል ምረጡ፣ ፕሮፋይሉን ያዙ፣ ከዚያ ሙሉውን መርጣችሁ ከ6 እስከ 9 ዲሲቤል ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ሰውየው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ትንሽ ንፋስ ይቅር። አፋር ነው።

ሙዚቃ? ባይኖር እመርጣለሁ። ከኖረም ጨው ሲቆረጥ አይሁን። የክራር ዜማ ከሥሩ የተነጠፈለት ሥራ የማስታወቂያ ሽታ ያመጣል። የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ መጠቀም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በመሐል አንድ ቦታ ትረካውን ሙሉ በሙሉ አቁሙና የጨው ሜዳውን ዝምታ ለ15 ሰከንድ ብቻውን ተዉት። አድማጭ ስልኩ የጠፋ እንዳይመስለው አስቀድማችሁ ንገሩት። «አሁን ቦታውን ስሙት» በቂ ነው።

ሲበላሽ፦ ፕሮግራሙ በመሐል ከተዘጋ ፕሮጀክቱን በሌላ ስም እያስቀመጣችሁ መሥራት ልመዱ፤ «ዳናክል 1»፣ «ዳናክል 2»። ዋናዎቹን ቅጂዎች ፈጽሞ አትንኩ። አንድ አንቀጽ ከሌላው በጣም ቢጮኽ በጆሮ አትታገሉ። ላውድነስ ኖርማላይዜሽን የሚለውን በ-16 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ተጠቀሙ፣ ሞኖን እንደ ሁለት ሞኖ ቁጠር የሚለውንም ሳጥን ምልክት አድርጉ።

## ደረጃ 9፦ ፈተና፣ ከዚያ መልቀቅ

በሦስት ነገር ስሙት። በኢርፎን፣ በስልኩ ስፒከር፣ ከዚያ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ። ታክሲ ውስጥ የጠፋ ቃል ካለ የብዙ አድማጭ ጆሮ ላይም ይጠፋል። ትረካውን ከፍ፣ የቦታ ድምፁን ዝቅ አድርጉ።

ቀጥሎ አፋር ሄዶ ለማያውቅ አንድ ሰው አሰሙ። አትግለጹለት። ሲጨርስ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ባሕሩ ለምን ጠፋ? ማንን ታስታውሳለህ? የመጀመሪያውን ካልመለሰ የጥንቱ ታሪክ ተድበስብሷል፣ ደረጃ 6ን ድገሙ። ሁለተኛውን ካልመለሰ ትረካችሁ ሰዎቹን ሸፍኗል፣ ከራሳችሁ ንግግር ቁረጡ።

ለመልቀቅ ሞኖ ኤምፒ ስሪ፣ 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ አድርጉት። 20 ደቂቃው 10 ሜጋ ባይት አይሞላም። በሞባይል ዳታ ለሚሰማ ሰው ይህ ዋጋ አለው። በ96 ብታደርጉት 14 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል፤ የቦታ ድምፁ የበዛበት ወግ ከሆነ ይህን ምረጡ።

ከመልቀቃችሁ በፊት የቦታ ስሞችን ለአፋር ተወላጅ አሰሙ። ሐመድ ኤላ፣ በራሕሌ፣ አሳሌ፣ አፍዴራ። የአዲስ አበባ አጠራር ብዙ ጊዜ ይስታል። ስሕተት ከተገኘ ያችን ቃል ብቻ ቀድታችሁ አትለጥፉ፣ ታስታውቃለች። ሙሉውን ዐረፍተ ነገር በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ቅዱና ተኩ። ወጉ ከወጣ በኋላ ከተነገራችሁም ያው ነው፦ አሮጌውን ፋይል አንሱ፣ የታረመውን በዚያው ስም ጫኑ፣ ምን እንዳረማችሁ በአንድ መስመር ከሥሩ ጻፉ። ድምፁን ለሰጧችሁ ሰዎችም አንድ ቅጂ በአስጎብኚው በኩል ላኩ፤ በፍላሽ ይሁን፣ ሊንክ እዚያ አይከፈትም።